ቀኑን የዘነጋው የእንቁላል ማስፈልፈያ

ቡታጅራ ላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በምጠግንባቸው ዓመታት፣ ዕቃውን ከመጠገኑ ይልቅ ሆዱን ከፍቶ ማየቱ ነበር የሚጥመኝ። እማማ የምላቸው ጎረቤቴ የእንቁላል ማስፈልፈያ እንድሠራላቸው ሲጠይቁኝ ወዲያው እሺ ያልኩትም ለዚሁ ነው። እንቁላሎቹ የእሳቸው አልነበሩም። ከመስቃን ገጠር፣ ከዘመዶቻቸው የሰበሰቡት አደራ ነው። አሥር እንቁላል ለሰጠ አምስት ጫጩት ይመልሳሉ፤ የተረፈው የእሳቸው ድርሻ ነው።

ማሽኑን የምታዘው አንዲት ትንሽ ቺፕ ነበረች። ቀን ትቆጥራለች፣ እንቁላሉን የሚያገላብጠውን ሞተር ታዛለች፣ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ታቆመዋለች። ከዚያ ወዲያ ጫጩቷ ለመውጣት ስለምትዘጋጅ መገላበጥ ይጎዳታል። የከተማችን መብራት ደግሞ እንዳሻው ይሄዳል፣ ይመጣል። ስለዚህ ከተቃጠለ አምፕሊፋየር የነቀልኳቸውን፣ የቲማቲም ጣሳ የሚያካክሉ ካፓሲተሮች ገጠምኩላት። ኃይል ያጠራቅሙላታል ብዬ ነው። በትልቅነታቸው ኮርቼም ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት መብራት ሄዶ መጣ። ብዙም ሳይቆይ እማማ ሱቄ በር ላይ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ወላሂ ይዞራል! ከእንግዲህ አይዞርም ብለኸኝ አልነበር?»

ሮጬ ሄድኩ። ቀኑን የሚያሳየው የማሽኑ መስኮት «አራተኛ ቀን» ይላል።

ሞተሩን ነቅዬ፣ የቮልት መለኪያዬን ቺፗ እግር ላይ አድርጌ ማብሪያውን አጠፋሁ። አምስት ቮልት፣ አራት፣ ሦስት... ካፓሲተሮቹ ስላሉ አወራረዱ ቀስ ያለ ነው። ቺፗም ቁርጥ ብላ አትጠፋም፤ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ትቃዣለች፣ እየቃዠችም የማይሆን ቀን ትመዘግባለች። ለካ ያሳሳትኳት በራሴ ስጦታ ነው! አበራሁ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ አበራሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! መላው ቀላል ነው፤ መብራት እንደሄደ፣ ካፓሲተሮቹ ገና ሙሉ ሳሉ ቀኑን ትመዝግብ፤ ቮልቱ ከአራት ሲወርድ ደግሞ ጭራሽ ሥራ ታቁም። ማሽኑን እንደጠፋ ትቼ ቺፗን ሱቄ ወስጄ ፕሮግራሟን አስተካከልኩና መለስኳት።

ስመለስ እማማ እንቁላሎቹን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ በሁለት እጃቸው አቅፈው ተቀምጠዋል። ስንት ሰዓት እንደፈጀሁ አላስተዋልኩም ነበር።

«አንተስ ገባህ» አሉኝ፣ «እነሱ ግን በረዳቸው።»

ከሁለት ቀን በኋላ ግማሾቹ እንቁላሎች እንደ ድንጋይ ዝም አሉ። የተፈለፈሉትን ጫጩቶች እማማ በካርቶን ይዘው ለዘመዶቻቸው ቤት ለቤት ሲያደርሱ አብሬያቸው ዞርኩ። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ ቀን ስቶ አያውቅም። የመጨረሻዋ ዘመዳቸው አምስቷን ቆጥራ ስትረከብ ግን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ፤ ለእማማ አንዲት ጫጩት አልተረፈችም።