አሳ አሳ የሚሸት ጨርቅ

አዲሱ የገበያ አዳራሽ አልቆ ዕጣ የወጣ ዕለት እልልታውን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ በጤና ሙያ ጋምቤላ ተመድቦ ከደጋ ከመጣን ወዲህ፣ እሱ ጤና ጣቢያ ሲውል እኔ ገበያ ውዬ ብትን ጨርቅ እየሸጥኩ ነው ልጃችንን ያሳደግናት። ያን ሁሉ ዘመን ሱቄ አራት እንጨትና አንድ ሸራ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሸራው ውኃ ያቁራል፤ በዱላ ሽቅብ ስገፋው ግማሹ ወደ መሬት፣ ግማሹ ወደ አናቴ! በበጋ ደግሞ አቧራው ነጭ ጨርቅ አያስዘረጋም።

አዳራሹ ግን ምን ልበላችሁ፣ ልብ ያለው ሰው የሠራው ነው። ረጅም ነው፤ አንዱ በሩ ወደ ባሮ ወንዝ፣ ሌላው ወደ መኪናው መንገድ ይከፈታል። ጣሪያው ከፍ ብሎ፣ አናቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ክፍተት ተትቶለታል፤ የቆርቆሮው ግለት በዚያ ይወጣል። የጋምቤላን ቀትር የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጉዴ የፈላው የዕጣ ቁጥሬን ይዤ ቦታዬን ስፈልግ ነው። በግራዬ የደረቀ አሳ። በቀኜ ገና ያልደረቀ አሳ። ኧረ በስመ አብ! ከሸራዬ ማዶ ለዓመታት አሳ ስትሸጥ የኖረችውን አኝዋ ወዳጄን ደግሞ ዕጣው ወስዶ ሽቶና የሙሽራ ልብስ መካከል ጥሏታል። አሳዋን በቅጠል ሸፋፍና፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኘኋት።

«እኔ እዚህ ምን ልሽጥ? አሳ በሽቶ?» አለችኝ።

ሳቅን። ሳቁ ግን አልበረከተም። ጨርቅ ሽታ ይጠጣል፤ አንዴ ከጠጣ ደግሞ ብታጥበው፣ ፀሐይ ብታሰጣው ወይ ፍንክች! ከኑዌሮቹ አገር ከማታር የሚመጡት ነጋዴዎች፣ በአንድ ትከሻ ላይ የሚቋጠረውን ጨርቅ በጣቃ ይወስዱልኝ የነበሩት፣ ገለጥ አድርገው አሸተቱና ተያይተው ሄዱ። ከዲማ ወርቅ ቁፋሮ የመጣ ጎልማሳ ለሚስቱ የቀሚስ ጨርቅ መረጠ መረጠና፣ «እትዬ፣ ይሄን ለብሳ ድመት ቢከተላትስ?» ብሎ ጥሎልኝ ሄደ። ደሜ ፈላ። ግን እውነቱን ነው።

የባሰው ገና ነበር። የገበያው ኮሚቴ ሰብሳቢ ባለቤት፣ የተከበሩ ሴት፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ነጭ ጨርቅ ከእኔ ገዝተው አሰፍተው ነበር። ልብሱን ጠቅልለው ይዘው መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ ቅዳሴው መሃል ሰዉ ዞር ዞር እያለ ያየኛል፤ ለካ እኔ ነኝ!» አሉኝ። እንዲህ ከቀጠለ ሱቄ ይዘጋል፣ ሱቄ ከተዘጋ በባለቤቴ ደመወዝ ብቻ ልጄን ከዩኒቨርሲቲ ማስጨረስ አንችልም።

ልጄ የሕንፃ ንድፍ ነው የምታጠናው። በዚያው ሰሞን ለእረፍት መጥታ፣ ለክፍል ጓደኞቿ የምታቀርበውን ጥናት ኮምፒዩተሯ ላይ ታዘጋጅ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ስተክዝ ዓይኔ ሥዕሉ ላይ አረፈ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የጥንት የፋርስ ባዛር ነው እማዬ፤ የዛሬዋ ኢራን።»

ባዛር ስትል እኔ የመጣልኝ በበዓል ሰሞን ድንኳን ተጥሎ ማይክራፎን ጆሮ የሚያደነቁርበት ነው። እሷ ያሳየችኝ ግን ሌላ ነው። ከላይ በጡብ ቅስት የተሸፈነ ረጅም መተላለፊያ፣ ግራና ቀኙ ሱቅ። በየጉልላቱ አናት ቀዳዳ አለ፤ በዚያ ብርሃን ይገባል፣ ሙቀት ይወጣል።

«የእኛ ጣሪያ እኮ ነው!» አልኩ።

«ጣሪያውስ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ድልድሉ ነው» አለችኝ። እዚያ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ተራ አለው። ሐርና ወርቁ መሃል፣ በር በሚቆለፍበት። መዳብ ቀጥቃጩ ጩኸቱ እንዳያውክ ራቅ ብሎ። ቆዳ ፋቂው ሽታው ስለሚከብድ ጠርዝ ላይ፣ ውኃ አጠገብ። ተራዎቹ የሚቋረጡበት መስቀለኛ ቦታ ላይ ደግሞ ትልቅ ጉልላት አለ፤ ሁሉም ወደየጉዳዩ ሲሄድ እዚያ ይገናኛል።

«ማነው እንዲህ አስተካክሎ የደለደላቸው?»

«አንድ ሰው አይደለም። በዘመናት ውስጥ ገበያተኛው ራሱ ነው።»

ጉልበቴን መታሁ። የእኛስ ገበያ እንዲያው አልነበር? ወዳጄ ስትነግረኝ፣ ድሮ በባሮ ከካርቱም መርከብ እየመጣ ቡና በሚጭንበት ጊዜ አያቷ ለመርከበኞቹ አሳ የምትሸጠው ወንዙ ዳር ነበር፤ ጨርቁና ጨው ደግሞ መጋዘኖቹ አጠገብ። ማንም ዕጣ አላወጣላቸውም። በማግስቱ ወዳጄንና ልጄን ይዤ ሰብሳቢው ዘንድ ከች አልኩ።

ሰብሳቢው እርጋታ ያላቸው ሰው ናቸው። ጨረስኩ እስክል ሰሙኝና፣ «እናቴ፣ ነገሩ ጠፍቶን መሰለሽ?» አሉኝ። «አሳውን የሚሸጠው አብዛኛው አኝዋ ነው። ጨርቁን ደገኛ፣ ወተቱን ኑዌር። በሸቀጥ ደረደርን ብንል በዘር ደረደራችሁን ይሉናል። ዕጣ ግን ዘመድ የለውም።»

ወደ ወዳጄ ዞርኩ።

የመለሰችላቸው ወዳጄ ናት። «ጋሼ፣ እኔና እሷ ብዙ ዓመት ነው። ልጄ ሲታመም ባሏ አከመው። እሷ አሳ ከእኔ ትገዛለች፣ እኔ ቀሚስ ከእሷ እገዛለሁ። ያን ጊዜ ሱቃችን ለየብቻ ነበር፣ እኛ ግን አንድ ነበርን። አሁን ደባልቃችሁ አስቀመጣችሁን፤ እኔና የሽቶዋ ልጅ በየቀኑ ጭቅጭቅ። ይሄ ፍቅር ነው?»

ሰብሳቢው ሳቃቸው አመለጣቸው። ልጄ ያኔ ቀበል አድርጋ፣ ተራው በሸቀጥ ይሁን፣ በየተራው ውስጥ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ ዕጣው ይወስን፤ አሳው ነፋሱ ሽታውን ጠርጎ እንዲያወጣው በመንገዱ በር በኩል ይሁን፤ ተራዎቹ የሚቋረጡበት መሃሉ ደግሞ ለማንም ሳይሰጥ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥበት አለች። ሰብሳቢው የዕጣ መዝገባቸውን ገለጡ።

«የአሳ ሻጮቹ ወንዙ በር ይሻለናል ይላሉ፣ አሳው በዚያ ስለሚመጣ። በግድ አላነሳቸውም። በሚቀጥለው ገበያ ውል እንፈራረማለን፤ ከዚያ ወዲያ የሚነቃነቅ የለም። እስከዚያ አሳምኗቸው» አሉን።

እኔ ስለ ነፋስ የማውቀው ነገር ቢኖር ስስ ጨርቅ ሲያነሳብኝ ነው። በውሉ ቀን ማለዳ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ሰዉ እንዲያይ ከሽፎን ጣቃዬ ቀይና ቢጫ ቅዳጅ እየቆረጥኩ በአዳራሹ ምሰሶ ሁሉ ላይ አሰርኩ። ሽፎኑን የቀደድኩት ዋጋውን እያሰላሁ ነው፤ ውድ ጨርቅ ነው። ኮሚቴው መጣ፣ ሻጩ ሁሉ ተሰበሰበ። ነፋስ የለም! ቅዳጁ ሁሉ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። አንዱ ቀልደኛ፣ «ሰርግ አለ እንዴ?» ሲል ሰዉ አውካካ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። እኔ በልቤ፣ አንቺ ባሮ፣ ዛሬ ብታዋርጂኝ ሁለተኛ ውኃሽን አልቀዳም እያልኩ ነበር።

ከዚያ ነፋሱ በወንዙ በር በኩል ገባ። መጀመሪያ በሩ አጠገብ ያለው ቀዩ ቅዳጅ ተነሳ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ እስከ መጨረሻው ድረስ ሁሉም ወደ መንገዱ በር ተዘረጋ። ወዳጄ አንድ የደረቀ አሳ አንስታ ሮጣ ወንዙ በር ላይ ቆመች። ብዙም አልቆየ፣ በወዲያኛው ጫፍ የቆሙት ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው፣ «ደረሰን! ደረሰን!» ብለው ጮኹ።

ወዳጄ ወደ አሳ ሻጮቹ ዞራ በአኝዋ ቋንቋ የሆነ ነገር አለቻቸው፤ እነሱም ሳቁ። ምን እንዳለቻቸው ስጠይቃት፣ «እዚህ በር ላይ ከተቀመጥን ገበያው ሁሉ ይሸታል፣ ሰዉም አይገባም፤ ሰው ካልገባ አሳውን ማን ይገዛናል? የውኃ ቧንቧውም በመንገዱ በር ነው አልኳቸው» አለችኝ። ከሻጮቹ ትልቋ እጇን አወጣች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በየተራው እንደገና ዕጣ ወጣ። አሁን ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት ኑዌር ናት፤ ያንን በትከሻ የሚቋጠረውን ጨርቅ ትሸጣለች፣ አስተሳሰሩን እሷ አስተምራኝ እኔም ለደንበኛ አሳያለሁ። በአሳው ተራ ከወዳጄ ቀጥሎ ያለችው ደግሞ የጎጃም ልጅ የሆነች አሳ ጠባሽ ናት። መሃሉ መስቀለኛ ላይ ወንበር ተደርጎ፣ ምሳ ሰዓት እዚያ የማይቀመጥ የለም። ሽታ የጠጣውን አሮጌ ጨርቄን በሙሉ ለሻንጣ ሰፊው በርካሽ ሰጥቼ አዲስ አስመጣሁ።

አዲሱን ጨርቅ በዘረጋሁበት ዕለት የሰብሳቢው ባለቤት መጡ። ተራው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ፤ ታሪኩን የማያውቅ የለማ። ነጩን ጣቃ አነሱ። ጫፉን ገለጡና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደገና አሸተቱ። እኔ መቀሴን ጨብጫለሁ።

ዓይናቸውን ገለጡና፣ «ቁረጪልኝ» አሉኝ።

ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከአሳው ተራ፣ እልልታው ተነሳ። ወዳጄ ናት፤ ከዚያ ሆና ስታየን ነበር። መቀሴን ጨርቁ ውስጥ ከተትኩት።