ከሳንባው የወጣው ሻጋታ

እኔና ታናሽ ወንድሜ ሞጣ ላይ እህል እንነግድ ነበር። የበቆሎ ጆንያ ሲመጣ እሱ ክንዱን እስከ ክርኑ ሰድዶ ከመሀል ይዘግናል፤ ወደ አፍንጫው አስጠግቶም በረጅሙ ይስባል። ገበሬ ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከሥር እንደሚያደርግ እያወቀ ከላይ ብቻ የሚያሸት ነጋዴ ቢከስር አይታዘንለትም።

ባጃጅ የሞጣን መንገድ በሞላበት ዓመት የወንድሜ ድድ እየደማ ያስቸግረው ጀመር። ዓባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ብንደርስ የደም ካንሰር ነው አሉን። በደም ሥሩ መድኃኒት ሰጡት፤ ጸጉሩ ረገፈ፣ በሽታውም ለጊዜው ሸሸ። እስከሚቀጥለው ዙር አገር ቤት እንዲያርፍ ሲፈቅዱለት ሐኪሟ፣ «ከአቧራና ከሰው ጭንቅንቅ ይራቁ፤ ሰውነትዎ አሁን ዘበኛ የለውም» አለችው።

ከሰው ራቀ። ለቅሶ እንኳ አልደረሰም። የእህል ብናኝን ግን ከአቧራ የሚቆጥር የእህል ነጋዴ የት አለ? እኔ ብቸና እናታችንን ልጠይቅ በሄድኩበት ቀን መጋዘን ገብቶ የመጣውን በቆሎ ሁሉ አሸተተ። «ሻግቷል፣ መልሱት» ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ልክ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ያዘው፤ ደም የቀላቀለ አክታ ተፋ። አዲስ አበባ መልሰን ብንወስደው ሳንባው ላይ ፈንገስ አለ ተባለ።

«ፈንገስ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት ሐኪሟን።

«ሻጋታ ነው። ከእህልም ከአፈርም በትንፋሽ ይገባል። ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም።»

ወንድሜ ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ በቆሎውን መለስኩት ብዬ ነበር፤ ለካ ናሙና አስቀርቻለሁ።»

የሻጋታው መድኃኒት አዳከመው እንጂ አልነቀለውም። ቀዶ ሐኪሙ ቁርጡን ነገረን፤ ሻጋታው ሳይወጣ የደሙ መድኃኒት ቢሰጠው ሻጋታው ይበላዋል፣ ካልተሰጠው ደግሞ ካንሰሩ ይመለስበታል። ስለዚህ የተበላሸው የሳንባው ክፍል ተቆርጦ ይውጣ፣ ቁስሉ ሲጠግግ ወደ መድኃኒቱ ይመለስ። እዚያው ደም ፈስሶት ሊቀር እንደሚችልም አልደበቀን።

«ሳንባው ተቆርጦ የኖረ ማን አለ?» አሉ አጎታችን።

«ሙሉ ሳንባ የነበራቸው አያቶቻችንስ የት አሉ?» አላቸው ወንድሜ።

ዘመድ ደም ሰጠ፤ ሳንባው ተቆረጠ፤ ወንድሜም ከሞት ተርፎ ወጣ። ከዚያ ቁስሉ እስኪጠግግ መጠበቅ ነበረብን። እኛ ጠበቅን፤ በሽታው ግን አልጠበቀንም።

«ሳንባው ንጹሕ ነው» አለች ሐኪሟ ውጤቱን አይታ።

«ደሙስ?»

ወረቀቱን አጥፋ ነገረችን። ካንሰሩ ተመልሶበታል፤ ከዚህ ወዲያ የቀረውን መድኃኒት ሰውነቱ አይችለውም፤ ቤቱ ውሰዱት።

ብቸና እናታችን ቤት ወሰድኩት። መንገድ ላይ፣ «ለእማዬ እንዳትነግራት» አለኝ። የቀዶ ጥገናው መሳካት በስልክ ቀድሞን ደርሶ ኖሮ፣ ሰፈሩ በወጉ «እንኳን እግዜር ማረህ» ሊል ግልብጥ ብሎ መጣ። እናታችን ጠላ ጠምቃለች። እሱ ትራስ ተደግፎ ለመጣው ሁሉ «እግዜር ይመስገን» ይላል። አንድ ጎረቤት ስፌቱን ካላየሁ ብሎ ድርቅ አለ። ሸሚዙን ገለጠለት።

«ኧረ ጉድ! እንዲህ ተቀድደህ ተረፍህ?»

«ተረፍኩ።»

«እንግዲህ አንተንስ ሞትም ፈርቶሃል!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እናታችን እልል አለች። እሱም ስፌቱን በእጁ ደግፎ ሳቀ። እኔ ጠላ ልቅዳ ብዬ ጓዳ ገባሁ።