ሻኛ የሌለው በሬ

ኤልቃና ከሆሳዕና መጥቶ ቡራዩ ላይ ስልክ ጥገና ከከፈተ ቆይቷል። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን አያርፍም። ደስ ያለውን ነገር ብቻውን መያዝ አይሆንለትም፤ ጉድ የሠራውም ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከቆራሌው የገዛውን አሮጌ የኮምፒውተር ቦርድ ሲፈታታ፣ አናቱ ላይ የመስታወት መስኮት ያለው ቺፕ አገኘ። በማይክሮስኮፕ ወደ ውስጥ ቢያይ፣ ከተጠላለፉት መስመሮች ጥግ ላይ ከአቧራ የምታንስ ሥዕል አለች። ቀንዱን ያቀረቀረ በሬ! ቺፑን የነደፈው ሰው ማንም እንደማያይለት እያወቀ፣ ደስ ስላለው ብቻ ስሎት ሄዷል። ኤልቃና እንባው መጣ። አከራዩ ኦቦ ሞቱማም ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ኮርማ! ሻኛው ግን የታለ? የፈረንጅ ነዋ!" ብለው ሳቁ።

እዚያ ላይ ቢበቃው ምን ነበረበት? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ቆመና፣ "ማንም በማያይበት እንኳ አሳምሮ የሚሠራ ሰው አለ" ብሎ የበሬውን ነገር ተረከ። ጉባኤው የሰማው ቀንዱን ብቻ ነው። ቺፕ ውስጥ የተደበቀ ቀንዳም! "የአውሬው ምልክት ነው" ተባለና ጉድ ፈላ። በማይክሮስኮፑ ያነሳውን የበሬውን ፎቶ ሊያሳይ ስልኩን ቢያወጣ ሁሉም ሸሹት። ኪቦርድ ከሚጫወትበት የአምልኮ ቡድን አወጡት፤ የእጮኛው የሀሴት አባትም ሠርጉን አገዱ። የፈራጆቹ ኪስ ሁሉ ባለቺፕ ስልክ ነበረበት እኮ! ያናድዳል።

"ስበረውና ልጄን ውሰድ" አሉት አባቷ፣ ጋሽ ቲቶ፣ ሱቁ ድረስ መጥተው።

"በሬ እኮ ነው፣ ጋሽ ቲቶ። እስቲ መጀመሪያ ይዩት።"

"ዓይኔን አላረክስም!"

ኤልቃና አብራቸው ወደ መጣችው ወደ ሀሴት ዞረ። እሷም ከበሩ ፈቀቅ ሳትል፣ "ስለ እኔ ብለህ ስበረው" አለችው።

እሷን ማጣት አልቻለም። ፎቶውን አጠፋ፤ ቺፑንም በፒንሳ ጨምድዶ አደቀቀው። ጋሽ ቲቶ "ሃሌሉያ" አሉ።

ሠርጉ ተደገሰ፤ ኪቦርዱም ተመለሰለት። ከወራት በኋላ ሀሴት ምሳ ይዛለት ሱቁ መጣች። የጋሽ ቲቶን የተበላሸ ስልክ ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጎ ይሠራ ነበር። አጠገቡ ቆማ ጥቂት አየችው።

"ኤልቃና፣ ያ በሬ" አለችው ቀስ ብላ፣ "ያምር ነበር እንዴ?"

ኤልቃና ቀና ሳይል ያማቱን ስልክ መጠገኑን ቀጠለ።