ወንድሜ ሃጎፕ ዛሬ ተለቀሰለት

ዛሬ በሰው ለቅሶ ላይ፣ ወንድሜን አንድ ቀን እንኳ ያላነጋገሩት ሴቶች ስሙን እየጠሩ ደረታቸውን ደቁ።

ለማታውቁኝ፦ አርመን ነኝ፤ ከእስክንድርያ መጥቼ አራዳ እማራለሁ። አብሮኝ የመጣው ታላቅ ወንድሜ ሃጎፕ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ከሁለት ወር በፊት በንዳድ ሞተብኝ። ከጎረቤት አንድም ሰው ስላልመጣ ሰፈሩን ሁሉ ተቀየምኩ።

ዛሬ ከትምህርት ስንወጣ ጓደኛዬ ታደሰ «ጎረቤታችን ሞተዋልና ዳስ ሲጣል እናግዝ» ብሎ እዚያው ሰፈራችን አፍንጮ በር ወሰደኝ። (ምሰሶውን እግሩ ላይ ስለጣልኩበት ቀድሞ ያለቀሰው እሱ ነው።)

የሰፈሩ አልቃሽ እማማ የሺ አዩኝ።

«አንተ! ወንድምህ ሲሞት ሦስት ቀን ተመላልሰን ብናንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። የት ሄደህ ነው?»

«ውስጥ ነበርኩ፣ እማማ። እኛ ቤት ሐዘንተኛ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ሲንኳኳ የሰዓት ደንበኛ መሰለኝ።»

«ወይ ጉድ! እኛ ደግሞ ለቅሶው ሌላ ቤት ነው ብለን ተመለስን። በል፣ ስሙ ማን ነበር?»

«ሃጎፕ።»

ዳሱ ውስጥ ገብተው ከሟቹ ቀጥለው ሃጎፕን በሙሾ አነሱት። የሟቹ ልጆች እንኳ አለቀሱለት። እኔም ከቀበርኩት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዬ ወረደ፤ ደረቴ ቀለለኝ።

ስወጣ እማማ የሺ «ነገ እኛ እንመጣልሃለን» አሉኝ። ስንት ሰው እንደሚመጣ ስላልነገሩኝ፣ ከታደሰ ጋር አግዳሚ ወንበር ስንለምን አመሸን።

በሰው አገር ሐዘን የደረሰባችሁ፣ ከእናንተ ጋር ማን አለቀሰ? ጻፉልኝ።