ጠርዝ ያለው ጠረጴዛ

«ታዲያ ከምን ላይ ነው የወደቀችው?» አሉ እማማ። ሦስተኛ ጊዜ መጠየቃቸው ነው።

«ከአንገሬቡ ላይ አልኩዎት» አለች እህቴ፣ የገመድ አልጋውን እያሳየች። «ጨርቅ ላመጣ ዞር አልኩ። አንዴ ነው ዞር ያልኩት።»

«አንዴ ይበቃል። ሰው የሚሞተውም አንዴ ነው።»

«አልሞተችም እማማ።»

«እኔ ስደርስ አልሞተችም። ኸላስ፣ በቃ፤ ቅዳሜ ሎሪው ሲመለስ ይዣት እሄዳለሁ።»

የሚከራከሩባት ልጅ እናቷ ጭን ላይ ተጋድማ የነጠላ ጥለት ትጠባለች። አምስት ወሯ ነው። ግንባሯ ላይ የግማሽ እንቁላል ያህል አብጧል። እማማ የአባቷ እናት ናቸው፤ ባለፈው ዓመት፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ፣ ከወገራ በእግራቸው ወጥተው ሱዳን፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ገብተዋል፤ አሁን በሎሪ የመጡትም ከዚያ ነው። ልጃቸው፣ የእህቴ ባል፣ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ ዶካ ከወረደ ወር አልፎታል። ገዳሪፍ የቀረነው እህቴ፣ ሕፃኗና እኔ ነን፤ በሰው ግቢ፣ በአንዲት የጭቃ ክፍል።

«ካምፕ ወተት ይታደላል» አሉ እማማ። «ሐኪም አለ። እኔ እንደሆንኩ ሥራ የለኝም፤ ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከሷ ላይ አልነቅልም።»

«ዓይንዎማ...» ብላ እህቴ ተወችው። የእማማ ዓይን ደክሟል፤ የልጅቷን እብጠት ያዩት በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ነው። «ጡቴንስ? ጡቴን ቆርጬ ላስይዝዎት? ዱቄት ወተት በካምፕ ውሃ በጥብጠው ሲያጠጧት ስንት ቀን ትቆያለች?»

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እማማ ደግሞ ከሁላችን ይበልጥ ያውቁታል። መንገድ ላይ ሁለት የልጅ ልጆች ቀብረው ነው የመጡት። ሦስተኛዋ እሳቸው በሌሉበት እንዳትሞት ነበር የፈሩት፤ ያኔ ግን ይህ አልገባኝም። የታየኝ እህቴ ልጇን ወደ ደረቷ ስትስባት ነው።

«ቦታ እሠራለሁ» አልኩ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«የምን ቦታ?»

«የሽንት ጨርቋ የሚቀየርበት። የማትወድቅበት። ይህን ቅዳሜ ይለፉትና በሚቀጥለው ይሂዱ። ቦታው ካልበጀ እኔው ራሴ ተሸክሜ ሎሪው ላይ አስቀምጥልዎታለሁ።»

እህቴ በዓይኗ ወጋችኝ። ልጇን ያስያዝኩባት መስሏታል፤ አስይዣትም ነበር።

«በምንህ ነው የምትሠራው?» አሉ እማማ። «በግጥምህ?»

«በእጄ።»

«አምጣው እስቲ።» መዳፌን ይዘው ዳሰሱት። «የወይዘሮ እጅ ነው። ይሁን፣ እጠብቃለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ሥራዬ ሎሪ ተራ ተቀምጦ ለአጫጆች ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ከሳሙና ካርቶንና ከጋዜጣ ቁራጭ ነው። ያለኝ ንብረት አንዲት ጠረጴዛ ናት፤ ከሻይ ሳጥን ጣውላ የተሠራች፣ ወረቀት ሲጠፋ በእርሳስ የምጽፍባት። እሷን ግን በዚያ ሰዓት አላሰብኳትም። ወይም አስቤያት ዝም ብያለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አልሄድኩም። ግድግዳ ተደግፌ እህቴ ጨርቅ ስትቀይር ተመለከትኩ። እህቴ ሰሊጥ በሚበጠርበት መጋዘን ነው የምትሠራው፤ ልጇን በአንቀልባ አዝላ ትሄዳለች፣ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ትጣደፋለች። ልጅቷን አንገሬቡ ላይ አጋደመች። የረጠበውን ፈታች። ለውሃ ወደ በሩ ሄደች። ለሳሙና ወደ መስኮቱ። የቆሸሸውን ልታስቀምጥ ወደ ጓሮ። ንጹሑን ከገመዱ ልታወርድ ወደ ግቢ። እሷ «አንዴ» ያለችው አራት ነው። ልጅቷ በአራቱም ጊዜ እግሯን እያወራጨች ወደ አንገሬቡ ጫፍ ትጓዝ ነበር።

«አራት ጊዜ ተውሻት» አልኳት።

«አንተ ደግሞ ቁጭ ብለህ ቁጠር» አለች። ሆኖም ፊቷ ተለወጠ።

እማማ መፍትሔ ነበራቸው። «መሬት ላይ አድርጓት። ከመሬት ወዴት ይወደቃል?» አሉና አጎዛቸውን ዘረጉ። ከቤታቸው የተረፈው ይህ የበግ ለምድ ብቻ ነው፤ ከወገራ ድረስ በጀርባቸው አምጥተውታል። ልጃቸውም እዚያው ላይ ነው ያደገው። ልጅ በአጎዛ ላይ ይተኛል፣ በቅቤ ይታሻል፣ አለቀ። እኔም እህቴም እንደዚያው ነን፤ ሌላ አሳደግ መኖሩን አናውቅም። ውሃውን፣ ሳሙናውንና ጨርቁን አጠገቡ ደረደርኩ። ደስ አለኝ። ሥራው ያለቀ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ላራግፈው ብዬ ለምዱን ሳነሣ ገለባ የመሰለ ጊንጥ ከሥሩ ወጥቶ፣ ሳይቸኩል፣ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅ ውስጥ ገባ።

እማማ ባይታያቸውም ከዝምታችን ተረድተው እግራቸውን ሰበሰቡ።

ከዚያ በኋላ ነው ጠረጴዛዬን ጎትቼ ያወጣሁት። እህቴ አየችኝና፣ «ትሰጣታለህ?» አለች። «ውሰጃት» አልኳት፤ ደግ ሰው ሆኜ ሳይሆን ጊንጡ ስላስፈራኝ። የጠረጴዛዋን አራት እግሮች በአራት ባዶ የቲማቲም ጣሳ አቆምኩና ጣሳዎቹን ውሃ ሞልቼ ላምባ ጠብ አደረግሁባቸው፤ ጉንዳንም ጊንጥም አይሻገርም። ዙሪያዋን አራት ጣት ከፍ ያለ ጠርዝ በምስማር መታሁ፤ ምስማሩን ከላይ ሳይሆን ከውጭ ነው የመታሁት፣ ጫፉንም ቆልምሜ በአሮጌ ጨርቅ ጠቀለልኩት። በግራ በኩል ክዳን ያለው ባልዲ ለቆሸሸው አኖርኩ። በቀኝ በኩል ከረጢት ሰፍቼ ለንጹሑ ሰቀልኩ። ከጠረጴዛዋ ራስጌ አንዲት ቅል ውሃ፣ ሳሙናና የቅቤ ቀንድ።

የሽንት ጨርቁ የእርዳታ ዱቄት የመጣበት ማቅ ነው። እህቴ ደጋግማ ቀቅላ አለስልሳዋለች፤ የፈረንጁ ጽሑፍ ግን አልለቀቀም። ልጅቷ በሆዷ ስትገለበጥ አንዲት ትልቅ ሰማያዊ ፊደል ቂጧ ላይ ትነበባለች።

«አሁን አጎዛውን ከላይ አድርጉበት» አሉ እማማ። «ጣውላ ላይ ልጅ አይተኛም።» አደረግንበት።

አልወደቀችም። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልወደቀች። ግን ማክሰኞ ላይ ጭኗ መካከል ቀላ፣ ረቡዕ ተላላጠ፣ ሐሙስ ጨርቅ ሲነካት ድምጿ እስኪዘጋ ታለቅስ ጀመር። እህቴ ቅቤ ጨመረች። ባሰባት። የተስማማንበት ቅዳሜ እየመጣ ነው።

የግቢው ባለቤት ሱዳናዊት ሀጃ ናቸው። ለቅሶውን ሰምተው ገቡ። ጠርዙን ነካ ነካ አደረጉ፣ ጣሳዎቹን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ የአጎዛውን ጫፍ በሁለት ጣት አነሡ። ፀጉሩ በሽንትና በቀለጠ ቅቤ ተጣብቆ ነበር።

«ይህ ለተራራችሁ ብርድ ነው» አሉን በዓረብኛ። «ገዳሪፍ ውስጥ በጉ ራሱ ቆዳውን አውልቆ ቢተኛ ይወዳል። ከሥሯ ንፋስ ይግባላት። ቅቤውንም ተዉት፤ ስታጥቧት አድርቋት፣ ከዚያ ጥቂት የሰሊጥ ዘይት።»

ሲወጡ እማማ፣ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። ዓረብኛቸው ከሰላምታና ከ«ኸላስ» አያልፍም።

እህቴ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «ስለ ሙቀቱ ነው» አለች በመጨረሻ።

ያንን ለምድ አንሡት ማለት አቃተን። ቤታቸው፣ በሬያቸው፣ ሁለቱ ሕፃናት፣ ሁሉም ሄዶ እሱ ብቻ ነው የቀረው። እኔ በቃል ነገር አልፈራም የምል ሰው ቀኑን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስፈልግ ዋልኩ። አንድም አላገኘሁም።

ዓርብ ጠዋት እህቴ ልጅቷን ልትቀይር ስታጋድማት እማማ ተነሥተው መጡ። በአውራ ጣታቸው የልጅቷን ጭን በቀስታ ዳሰሱ። ያንኑ ጣት አጎዛው ውስጥ አስገቡ። አወጡና አሸተቱት።

«ርጥብ ነው» አሉ። «ባገራችን እኮ እስከ ቀትር ይደርቅ ነበር። ንፋሱ ያደርቀው ነበር።»

ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ሴትዮዋ ያሉት ይህንን ነው?»

«አዎ እማማ» አለች እህቴ።

«ታዲያ ምን አፋችሁን አሰራችሁ? ልጅቷ እየተቃጠለች እኔን ታፍራላችሁ?» አጎዛውን ራሳቸው ጎትተው አወረዱትና ግቢው አጥር ላይ ሄደው ሰቀሉት።

ከሥሩ ጣውላው ታየ። እርሳሱ በሽንት ደብዝዟል። እህቴ ሳቀች፤ በዚያ ሳምንት የመጀመሪያዋ ነው። «የወንድሜን ግጥም ሸናችበት።»

«ምን ይል ነበር?» አሉ እማማ።

ማለት አልፈለግሁም። ጠበቁኝ። አልኩት፦

ዝናብ ቀረ ብለን አገር ለቀን ወጣን፤
ዝናቡን አገኘን፣ ራሳችንን አጣን።

እውነትም ዘንድሮ ገዳሪፍ ዘንቦ ነበር፤ ሰሊጡም ያደገው በዚያ ዝናብ ነው። ግጥሙ ስጽፈው ትልቅ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ራሴን አላጣሁም» አሉ እማማ። «ይኸው አለሁ። ያጣሁት ልጆች ነው።» ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ በአገጫቸው አመለከቱ። «በል፣ ንፋሱን አስገባላት።»

የጠረጴዛዋን የላይ ጣውላዎች ነቀልኳቸው። ሎሪ ተራ ከእኔ አጠገብ የሚቀመጥ አንገሬብ ሠሪ አለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጣቱን ስመለከት ኖሬያለሁ። ሄጄ ቁራጭ ገመድ ለመንኩት፤ ሰጠኝ። ገመዱን ከአንዱ ጎን እንጨት ወደ ሌላው ወጠርኩ፣ አመሳቀልኩ። የመጀመሪያው ላላና ልጅቷ መሐሉ ውስጥ ሰመጠች። ፈታሁት። ሁለተኛውን እህቴ በእግሯ እየረገጠች፣ እኔ እየጎተትኩ፣ መዳፌ እስኪላጥ አጠበቅነው። እማማ አንገሬቡ ላይ ተቀምጠው፣ «ጎበዝ፣ አሁን እጅህ እጅ ሊመስል ነው» ይሉ ነበር። በተነቀሉት ጣውላዎች ጠርዙን አንድ ጣት ጨመርኩበት። ገመዱ ላይ አንድ እጥፍ ንጹሕ ማቅ ብቻ አነጠፍን። እህቴ ልጅቷን አጠበች፣ አደረቀች፣ ሳትጠቀልላት ቂጧን ለንፋስ ሰጥታ አቆየቻት። ልጅቷ አለቀሰች፣ ቆይታ ተወች፣ ቆይታ የእግሯን ጣት ያዘች።

ቅዳሜ ጠዋት ቁስሉ አልዳነም። ግን አይረጥብም፤ ቀይነቱም ቀነስ ብሏል። እማማ ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ። አጎዛው ደርቆ፣ ተጠቅልሎ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ በመጡ ቀን ልጅቷን ሎሪው ላይ ሊጠቀልሏት ያሰቡት በእሱ ነበር።

«ወዲያ በሉ፤ እኔ ልቀይራት» አሉ።

እህቴ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ሁለተኛውን አልሄደችም።

እማማ ግራ እጃቸውን ልጅቷ ሆድ ላይ አሳረፉ። አላነሡትም። በቀኝ እጃቸው የረጠበውን ፈቱ፤ ባልዲው በጠበቁት ቦታ ነበር፣ ክዳኑ ገጠመ። ቅሉን አገኙ። ሳሙናውን አገኙ። ልጅቷ ባለ በሌለ ጉልበቷ ወደ ጎን ተገለበጠች፤ ጠርዙ ያዛት፤ ተናድዳ ተመለሰች። እጃቸው ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ንጹሑን ጨርቅ አወጣ። ዓይናቸው በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ ግድግዳው ነበር። አንዴም አልዞሩም።

ልጅቷን አንሥተው አሸተቷት። ረጅም ጊዜ አሸተቷት። ከዚያ ለእህቴ ሰጧት።

«አንድ እጅሽ ሁልጊዜ ሆዷ ላይ ይሁን» አሏት።

«እሺ እማማ።»

«ውሃው ከጣሳው እንዳይደርቅ፤ በየጠዋቱ እዪው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ሌላ ጠረጴዛ ፈልግ። በዚህችኛዋ ላይ እንዳትጽፍ።»

«በገመድ ላይ አይጻፍም እማማ።»

«አንተን ማን ያምናል?»

አጎዛቸውን ከመሬት አነሡና ብብታቸው ሥር አደረጉት። ልሸኝዎት ስላቸው በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ሎሪ ተራ የሚወስደው መንገድ ቀጥ ያለ ነው፣ በእግራቸው ያውቁታል። እህቴ ልጇን እንዳቀፈች ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆመች። የግቢው የቆርቆሮ በር ማጠፊያው ወልቆ መሬት ይጎትታል፤ ማንም ስለማያነሣው ሁልጊዜ ገርበብ ብሎ ነው የሚውለው። እማማ ወጡ፤ ዞሩ፤ በሩን በአንድ እጃቸው ከመሬት ብድግ አድርገው፣ እስከ መጨረሻው ዘጉት።