«እኛ» ብዬ የጻፍኩት ኑዛዜ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። «እኛ» የምትል አንዲት ቃል ልጄን ቤት አልባ ልታደርግብኝ ነበር፤ ቃሏን የጻፍኩት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን እኔው ብልሁ ነኝ። እንዴት ይረሳኛል?

ባለቤቴ ብዙነሽ ፒያሳ አጠገብ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ቀዶ ሕክምናው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሐኪሙ «ልብዎ ትንሽ ደከም ብሏል» ካላት ወዲህ ጭንቀቷ ሁሉ ልጃችን ሄለን ሆነች። ሄለንን የስምንት ወር ሕፃን ሳለች ነው ልናሳድጋት የወሰድናት፤ በዚያ ክረምት አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ክርስትና አስነስተናታል፣ የምትጠራውም በእኔ ስም ነው። ፍርድ ቤት ሄዶ ጉዲፈቻውን ማጸደቁን ግን «ነገ፣ ነገ» እያልኩ አረጀሁ። በሕግ ፊት ልጃችን አልነበረችም። ብዙነሽ ካለ ኑዛዜ ብትሞት የቤቱ ግማሽ የወንድሞቿ ነው፤ እነሱ ደግሞ ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር ግድግዳውን በዓይናቸው ይለካሉ።

ስለዚህ ኑዛዜ ጻፍኩ። ዕድሜዬን መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ጠበቃ ምን ያደርግልኛል? «እኛ ባልና ሚስት ከሞትን በኋላ ቤታችን ለልጃችን እንዲሆን ተናዝዘናል» ብዬ በአንድ ወረቀት ላይ አሳመርኩት። ሁለታችንም ፈረምን።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ወደ ቸርችል ጎዳና ወረድኩ። ባለ ኮፒው «አባባ፣ ይሄ የእጅ ጽሑፍ ነው?» ሲለኝ ክንፍ አወጣሁ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

ከኋላዬ ፋይል የታቀፈች ሴት ቆማ ኖሯል። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጠበቃ ነኝ። ይህ ወረቀት አይሠራም።»

«ምኑ? ቀለሙ?»

«‹እኛ› የሚለው። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ቢናዘዙ ሕጉ አይቀበለውም። እርስዎም ‹እኔ›፣ እሳቸውም ‹እኔ› ብለው ለየብቻ ነው።»

«አርባ ዓመት ከአንድ መሶብ በልተን ስንሞት እንለያይ?»

«በወረቀት ብቻ!» ብላ ሳቀች። ብዙነሽ የት እንዳለች ስነግራት ግን ሳቋ ጠፋ። «ቶሎ ይሂዱ። ሙሉውን በገዛ እጃቸው ይጻፉት። ኑዛዜ መሆኑን፣ ቀኑንና ፊርማውን እንዳይረሱ። እርስዎ አንዲት ፊደል እንዳይነኩ!» ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቅ ዳገቱን ተያያዝኩት። ጉልበቴ ምን እንዳለኝ እዚህ አይጻፍም።

ስደርስ ሰባት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ጠበቃዋ ያለችውን ነግሬ ባዶውን ወረቀት ለብዙነሽ ሰጠኋት። ብዙነሽ ፊደል የቆጠረችው ካገባኋት በኋላ ነው፤ የምትጽፈው ጥልፍ እንደምትጠልፍ ሴት ነው። «እኔ» አለች፣ ስሟን ጻፈች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«‹ሰጥቻለሁ› በየትኛው ‹ሰ› ነው?»

በንጉሡ ‹ሠ› እና በእሳቱ ‹ሰ› ስከራከራት የኖርኩት ሰውዬ «በፈለግሽው! ብቻ ጻፊ!» ብዬ ጮህኩ። እጄ ብዕሩን ሊቀማት ሲል ከአልጋው አጠገብ የነበረችው ሄለን ያዘችኝ።

በሽተኛ አመላላሾቹ አልጋ እየገፉ ገቡ። «ማዘር፣ ተራዎ ደርሷል።»

«ቆዩኝ እናንተ ልጆች፣ ቀኑና ፊርማዬ ቀርቷል» አለች። ቆሙላት። ፈረመችና ወረቀቱን ለሄለን ሰጠቻት። እኔን አላመነችኝም፤ ልክ ነበረች።

በሩ ሲዘጋ እኔም መተላለፊያው ላይ የራሴን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። «እኔ» ብዬ ጀመርኩና ብዕሩ ቆመ። ያቺ ቃል ያን ያህል ብቸኛ መሆኗን አላውቅም ነበር። እሷ ውስጥ ናት፤ እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ለብቻዬ መኖር የጀመርኩ መሰለኝ። ሄለን «አባዬ፣ ጻፍ እንጂ» ብላ ጀርባዬን ባትነካኝ አልጨርሰውም ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ወጣ። የብዙነሽን ወረቀት ያነበብኩት ያኔ ነው። ድርሻዋን ለሄለን ሰጥታ ከሥር አንድ መስመር ጨምራለች፦ «ባሌ እስኪሞት በቤቱ ይኑር። ዛሬ ነገ ካለ ግን ልጄ ትቆጣው።»

በሳምንቱ ጉዲፈቻውን ለማጸደቅ ፍርድ ቤት አመለከትን፤ ጸደቀልን። ብዙነሽም ደህና ናት። ያን ቀን ሳስብ ግን ዛሬም፣ በዚያች ጠበቃ ፈንታ ሌላ ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ሄለን ደግሞ በኑዛዜው መሠረት በየጊዜው ትቆጣኛለች። እናትሽ ገና አልሞተችም ብላት አልሰማ ብላለች።