ንስር ላባውን እንዴት ይቀይራል

ባለቤቴ የደም ካንሰር እንዳለበት ሲታወቅ ሐኪሙ ሰው ከሚበዛበት ቦታ እንዲጠበቅ ነገረን። ልጃችን ከትምህርት ቤት ጉንፋን ይዛበት እንዳትመጣ ቤት አስቀረናት፤ በውጭ አገር በምንኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለው አፓርታማችን፣ በምግብ ጠረጴዛው ላይ እኔው ማስተማር ጀመርኩ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ኬሞ የሚባለውን የካንሰር ሕክምና ከጀመረ በኋላ ፀጉሩ መርገፍ ያዘ። አንድ ጠዋት ልጄ ከትራሱ ላይ ያነሳችውን ፀጉር በመዳፏ ይዛ መጣች። ከመድረክ ደጋግሜ የሰማሁትን ነገርኳት። ንስር ሲያረጅ ወደ ተራራ ይወጣል፤ ምንቃሩን ከድንጋይ ጋር አጋጭቶ ይሰብረዋል፤ ላባውን ሁሉ ነቅሎ ይጥላል፤ ከዚያ አዲስ ይበቅልለትና እንደገና ይበራል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን ስብከት ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ዳዲም እየታደሰ ነው» አልኳት።

አመነችኝ። ከዚያ ወዲያ አላለቀሰችም፤ እኔም ይህን እንደ ጸጋ ቆጠርኩት።

ብርዱ ሲያበቃ፣ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች በከተማ ውስጥ የሚኖሩ አዳኝ ወፎችን ለማየት በቅርባችን ወዳለችው አሌክሳንድሪያ እንደሚሄዱ ሰማን። ባለቤቴ ካልሄድኩ አለ።

«ቤት ብታርፍ አይሻልህም?» አልኩት።

«ወፍ ጉንፋን አያሲዝም።»

«የወፍ ጉንፋን አለ እኮ፣ ዳዲ!» አለች ልጄ። ሳቀባት። መኪና ውስጥ ሆኖ በመስኮት እንዲያይ ተስማማንና ሄድን።

እዚያ ወንዝ ዳር ስንደርስ አንድ ጭልፊት በፓርኪንጉ የመብራት ምሰሶ ላይ ተቀምጦ እርግብ ይቦጫጭቅ ነበር። የእርግቡ ላባ መኪኖቹ ላይ ይወርዳል። ልጆቹ ጮኹ፤ የእኔዋ ግን የሚወርደውን ላባ በዓይኗ ተከተለች። አስጎብኚያችን ዕድሜያቸው የገፋ ነጭ ሴት ነበሩ። ቴሌስኮፑን ከውኃው ማዶ ወዳለ ደረቅ ዛፍ አዙረው ልጆቹን በተራ አሳዩ። ንስር ነበር።

የልጄ ተራ ሲደርስ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ «ይሄኛው ላባውን ነቅሏል ወይስ ገና ነው?» ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ አልገባቸውም። ልጄ ተራራውን፣ ድንጋዩን፣ ምንቃሩን፣ እኔ እንደነገርኳት አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

አልሳቁባትም። ጎንበስ አሉላት። «ይህን ታሪክ ሌላም ሰው ነግሮኛል» አሏት። «ንስር ግን እንደዚያ አያደርግም። ምንቃሩን ቢሰብር መብላት አይችልም። ላባውን ሁሉ ቢነቅል ይሞታል። የሚቀይረው ጥቂት በጥቂት ነው፤ አንዱ ሲወድቅ በቦታው ሌላ ይበቅላል። እስከዚያው መብረሩን አያቆምም።»

ልጄ የሰማችው አንዱን ቃል ብቻ ነበር። ወደ እኔ መጣች። ሰው ፊት በእንግሊዝኛ ነው የምታናግረኝ፤ ያን ጊዜ ግን በአማርኛ፣ ቀስ ብላ «ማሚ፣ ይሞታል አለች» አለችኝ።

«ስለ ንስሩ ነው የተናገሩት።»

«ዳዲስ?»

እግዚአብሔር ይችላል ልላት አፌን ከፈትኩ። እንደሚችል አምናለሁ። እርሷ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነበር።

«የነገርኩሽ የንስር ታሪክ ልክ አይደለም» አልኳት። «እውነት መስሎኝ ነው። ዳዲ ይድን እንደሆነ አላውቅም። ጌታን እየለመንኩት ነው። ምን እንደሚመልስልኝ ግን አላውቅም።»

ጥላኝ ወደ መኪናው ሄደች። ተከተልኳት። መስኮቱ ክፍት ነበር።

«ዳዲ፣ አንተ ታውቃለህ?»

«ምኑን?»

«እንደምትድን።»

እኔን አየኝ፤ ከዚያ እርሷን። «አላውቅም፣ ልጄ። ሐኪሞቹም ገና አላወቁም። መዳን ግን እፈልጋለሁ። በጣም።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ፈርተን» አለ።

በሩን ከፍታ ገባችና ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ለወራት የያዘችው ልቅሶ ነበር። ልጠጋ ስል በእጁ ምልክት «ቆዪ» አለኝ። ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ።

ሲበርድላት «በይ አሁን ያን መላጣ ወንድሜን አሳዪኝ» አላት። ያ ንስር በእንግሊዝኛ ስሙ «መላጣ ንስር» ነው።

«መላጣ አይደለም። ራሱ ላይ ያለው ነጭ ላባ ነው።»

«እንግዲያው በለጠኛ!»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አስወረደችው። ክንዱን ይዛ፣ በእርሱ እርምጃ፣ ሣሩን አቋርጠው ሄዱ። ተራ ይጠብቁ የነበሩት ቤተሰቦች ራቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ሴትዮዋ ቴሌስኮፑን ከፍ አደረጉለት። እስኪደክመው ድረስ አየ። ልጄ ክንዱን አልለቀቀችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የምርመራው ውጤት ሲመጣ ለሦስታችን ነው የሚነበበው። አንዳንድ ምሽት ታለቅሳለች፤ ብቻዋን ግን አይደለም። ያችን ሴት ስላገናኘን እግዚአብሔርን አመሰግነዋለሁ፤ እኔ ብቻዬን ብሆን እውነቱን የምነግራት አይመስለኝም።

ሕክምናው አላለቀም። ዛሬ ጠዋት ልጄ አባቷን «እንዴት አደርክ?» አለችው።

«ደህና አላደርኩም» አላት።

ውኃ አመጣችለት። ከዚያ ደብተሯን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የክፍልፋይ ሒሳቧን መሥራት ጀመረች።